ደረቷን ያልመታችው ልጅ

የዛሬው ወጋችን ስለ ጡት ነው። (ገና ከጅምሩ አንገታችሁን የደፋችሁ ወንዶች ቀና በሉ። እናንተም ብትሆኑ ጠብታችሁ ነው ያደጋችሁት።) ወጉ የሚጀምረው ግን ከሐኪም ቤት ሳይሆን ከለቅሶ ቤት ነው።

ጌጃ ሰፈርን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ለማታውቁት ደግሞ፣ ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ከሜክሲኮ አደባባይ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ ሰፈር ነው። ብዙ ቤት ፈርሶበታል፣ ብዙ ፎቅ በቅሎበታል። እድሩ ግን አልፈረሰም። ሰው ሲሞት ድንኳን ይጣላል፣ ወንበር ይደረደራል፣ እኛም የሰፈሩ ሴት ልጆች ዲግሪያችንን ቤት አስቀምጠን ትሪ እንይዛለን። (ጋዜጠኝነት ተምሮ የተመረቀ ሰው ለቅሶ ቤት ውስጥ ከማንም በላይ ቡና እንደሚያመላልስ በዚህ አጋጣሚ ይታወቅልን።)

ሟቿ የሰፈሩ እናት ነበሩ። ልጃቸው ከአሜሪካ ለቀብር አልደረሰችም፣ ለሠልስት ግን ደረሰች። ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ ሴቶቹ ሁሉ ተነሡ፤ ለቅሶው እንደ አዲስ ፈነዳ። የሟች ታናሽ እህት ደረታቸውን እየደቁ፣ እጃቸውን ዘርግተው ወደ ልጅቱ ሄዱ። እሷ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ ነጠላዋን እስከ አንገቷ ስባ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

ያቺን አንድ እርምጃ ሰፈሩ ሁሉ አያት።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንባቢ ይገምታል። "ፈረንጅ አገር ልቧን አደነደነው።" "እናቷ ሞተው ደረቷን አንድ ጊዜ እንኳ አልመታችም።" "ልናጽናናት እቅፍ ብናደርጋት እንደ ባዕድ ሸሸችን።" "ልብሷ እንዳይጨማደድ ነው።" እውነቱን እንናገር ከተባለ እኛም ከሐሜቱ አልቀረንም። ቡናውን እያቀረብንላት በልባችን ፈርደንባት ነበር።

በአራተኛው ቀን ማታ ቁም ሣጥን ላይ ያለውን ሻንጣ እንድናወርድላት ጠራችን። "እጄን ከትከሻዬ በላይ ማንሳት አልችልም" አለች። ለምን እንደሆነ ጠየቅን። በሩን ዘጋች፣ አልጋው ላይ ተቀመጠች፣ ከዚያ እንዲህ አለችን፤ "ሁለቱንም ጡቶቼን ካወጡልኝ ሰባተኛ ሳምንቴ ነው። አሁን እዚህ ውስጥ ሁለት ፊኛ አለ። ንኩት።"

ነካነው። በልብሱ ላይ እንኳ እንደ ተነፋ ኳስ የጠነከረ ነበር።

"እናቴ ሳታውቅ ሞተች" አለችን። "ታማ ስለነበር ላስጨንቃት አልፈለግሁም። እሷም የራሷን ሕመም ስትደብቀኝ ነበር።"

ፊኛው ምንድን ነው?

የሐኪሞቹ ስም "ቲሹ ኤክስፓንደር" ነው። እኛ ለዛሬ "ማስፊያ" እንበለው። ጡት በቀዶ ሕክምና ሲነሳ ብዙ ጊዜ ቆዳም አብሮ ይቀንሳል፤ የቀረው ቆዳ ደረት ላይ ይለጠፋል። ቋሚውን ሰው ሠራሽ ጡት እዚያ ሥር ለማስገባት ቦታ የለም። ስለዚህ ሐኪሙ መጀመሪያ ባዶ ወይም በከፊል የተሞላ የሲሊኮን ከረጢት ከደረት ጡንቻ ሥር፣ ወይም ከጡንቻው በላይ ከቆዳው ሥር ያስቀምጣል። ቁስሉ ሲጠግግ፣ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ በመርፌ የጨው ውሃ ይጨመርበታል። በአንድ ቀጠሮ የሚጨመረው ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ነው፤ አንድ የቡና ሲኒ ያህል ማለት ነው። ከረጢቱ መርፌ የሚቀበልባት ትንሽ በር አለችው፤ በብዙዎቹ ዓይነቶች ያቺ በር ውስጧ ማግኔት ስላላት ሐኪሙ ከውጭ ሆኖ ቦታዋን ያገኛታል። ሲኒ በሲኒ እየተጨመረ ቆዳው ከወራት በኋላ ሲበቃው፣ በሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ማስፊያው ወጥቶ ቋሚው ይተካል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ቻርልስ ኒውማን በ1957 እ.ኤ.አ. የተጎዳ ጆሮ መልሶ ለመሥራት በፊኛ ቆዳ መዘርጋቱን ጽፎ ነበር። ቼዶሚር ራዶቫን ደግሞ በ1976 እ.ኤ.አ. ዛሬ የምናውቀውን ዓይነት ማስፊያ መጠቀም ጀመረ፤ በ1982 እ.ኤ.አ. ጡትን ለመመለስ እንዴት እንደተጠቀመበት አሳተመ። ከሁለቱም በፊት ግን የእኛው የደቡብ ኦሞ ሙርሲ ሴቶች ከንፈራቸውን በትንሽ እንጨት ጀምረው፣ ቀስ በቀስ እያሰፉ፣ ትልቅ የሸክላ ሳህን ሲያደርጉበት ኖረዋል። እርጉዝ ሴት ያየ ሰውም ምሥጢሩን ያውቀዋል፤ ቆዳ ከቸኮሉበት ይቀደዳል፣ ጊዜ ከሰጡት ይሰፋል።

ችግሩ ጊዜ እየሰጡት መኖሩ ላይ ነው። እህታችን እንደነገረችን፣ ውሃ በተጨመረ ማግስት ደረቷን በጠፍር ያሰሯት ያህል ይጨንቃታል። የላይኛው ቆዳዋ ደንዝዟል፤ ቢነኳት አይታወቃትም፣ ከሥሩ ያለው ውጥረት ግን እንቅልፍ ይነሳታል። በሆዷ መተኛት የለም፣ በጎን መተኛትም አስቸጋሪ ነው። ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ ሙቀጫ መውቀጥ፣ ምጣድ ላይ ተዘርግቶ እንጀራ ማስፋት አይታሰብም። እኛ "ዕቃ እንኳ አላነሳችም" ብለን ያማናት ለዚህ ነበር።

አሁን ደግሞ የእኛን አገር ሰላምታ አስቡት። ትከሻ ለትከሻ እንጋጫለን። አንገት ለአንገት ተቃቅፈን ጀርባ እንደበድባለን። ለቅሶ ላይ ሐዘናችን የሚታየው ደረት ላይ ነው። ከእናቷ ሞት በላይ ሌላ ሐዘን የሌላት ሰው ደረቷን ልትደቃ ትችላለች። ይህች ልጅ ግን ደረቷን ብትመታ የምትመታው ገና ያልጠገገ ቁስሏን ነው።

በየበሩ የምትጮኸው ማግኔት

አንድ ቀን የእናቷን ጉዳይ ለማስጨረስ አብረናት ወደ አንድ ትልቅ ሕንፃ ሄድን። በር ላይ እንደተለመደው ፍተሻ አለ። ፈታሿ የእጅ መሣሪያዋን ደረቷ ላይ ስታሳልፈው ጮኸ። ደገመችው፣ ጮኸ። "ምን ይዘሻል? አውጪው!" አለቻት። የሚወጣ ነገር አልነበረም። ወረፋው ከኋላ ተሰልፏል፣ ወንዶች ቆመው ያያሉ። ፈታሿ እጇን ልትሰድ ስትል እህታችን በጆሮዋ አንድ ነገር አንሾካሾከችላት። ፈታሿ ደነገጠች፤ "ይቅርታ፣ እማርሽ አሳልፍሽ" አለቻት። ክፉ ሰው አልነበረችም። ማንም አልነገራትም እንጂ።

እህታችን ከሐኪሟ የተሰጣት ትንሽ ካርድ አለቻት፤ በደረቷ ውስጥ ምን ዓይነት ዕቃ እንዳለ የሚገልጽ። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ካርዷ ለፍተሻ ብቻ አይደለችም። ማግኔት ያለበት ማስፊያ ደረቱ ውስጥ ያለ ሰው ኤምአርአይ መነሳት የለበትም፤ የመሣሪያው ጉልበት ማስፊያውን ሊያንቀሳቅሰው ይችላልና። እንዲህ ያለች ዘመድ ከውጭ ከመጣችላችሁ ካርዷን የት እንዳስቀመጠች እወቁ። ቆዳው ከቀላ፣ ከጋለ፣ ፈሳሽ ካወጣ ወይም ትኩሳት ከጀመራት ደግሞ "የአየር ለውጥ ነው" ብላችሁ ዝንጅብል አታፍሉ። የዚያኑ ቀን ሐኪም ጋ ውሰዷት። ማስፊያ ኢንፌክሽን ከያዘው ሊወጣ ይችላል፤ የወራት ትዕግሥት በአንድ ሳምንት ቸልታ ይጠፋል።

"መጀመሪያ ነፍስ ይዳን"

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢ ትዕግሥቱ እንዳለቀ ይሰማናል። "እናንተ ልጆች፣ ሰው የኬሞ መግዣ አጥቶ ይሞታል፣ እናንተ ስለ ሰው ሠራሽ ጡት ትጽፋላችሁ?" የሚል።

ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ አናቃልለውም። የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ሁሉ የመጀመሪያው ነው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ግምት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ16 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን አዲስ የጡት ካንሰር እንደያዛቸው፣ ወደ 9 ሺህ ያህል ደግሞ እንደሞቱበት ያሳያል። ከሰፈራችን በእግር የሚኬድበት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለበርካታ ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጥ ብቸኛ ቦታ ነበር። ከጠረፍ የመጡ እናቶች ተራ ለመጠበቅ በአካባቢው ቤት ተከራይተው ወራት ሲቀመጡ እያየን ነው ያደግነው። ብዙዎቹ ሐኪም ጋ የሚደርሱት እብጠቱ ከቆየ በኋላ ነው። ለእንደዚህ ዓይነቷ ሴት ጡትን ማንሳት፣ ኬሞና ጨረር ይቀድማሉ። ጨረር ደግሞ ለማስፊያ ወዳጅ አይደለም፤ ቆዳውን ያደነድነዋል፣ በሰው ሠራሹ ዙሪያ የሚፈጠረው ጠባሳ እንዲጨመድድ ያደርጋል፣ ኢንፌክሽንንም ያበዛል። ማስፊያ ለሁሉም ሴት የሚሆን ነገር አይደለም።

ዕቃው ራሱም እንከን የለሽ አይደለም። በሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ባቀረበው ጥያቄ፣ አለርጋን የተባለው ኩባንያ ላያቸው ሻካራ የሆኑ ሰው ሠራሽ ጡቶቹንና ማስፊያዎቹን ከዓለም ገበያ ሰብስቧል፤ ምክንያቱ ከስንት አንድ የሚከሰት የሊምፍ ካንሰር ከእነሱ ጋር በመያያዙ ነበር። ስለዚህ "ማስፊያ ይግባልን!" ብለን ሰልፍ እየጠራን አይደለም።

እኛ የምንለው ሌላ ነው። "መጀመሪያ ነፍስ ይዳን" የሚለው ዓረፍተ ነገር "መጀመሪያ" የሚል ቃል አለበት። ሁለተኛውስ መቼ ነው የሚመጣው? ነፍሷ የዳነች ሴት ለቀሪው ዘመኗ በምን ዓይነት ደረት እንደምትኖር የሚጠይቃት ማን ነው?

ጥጥ

በሰባተኛው ቀን አንዲት የሰፈራችን እናት እህታችንን ሊጠይቁ መጡ። ዕድሜያቸው ከስድሳ ያልፋል፤ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃቸዋለን። ክፍሉ ውስጥ ገብተው እንደ ሌሎቹ አላቀፏትም። ከፊቷ ቆሙ፣ ጭንቅላቷን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ ግንባሯን ሳሙ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ልጄ፣ አንዱን ነው ሁለቱን?" አሏት።

እህታችን ያን ጊዜ አለቀሰች። ሰፈሩ ሲጠብቀው የነበረውን ለቅሶ፣ ሰፈሩ በሌለበት።

እኒህ እናት አንድ ጡታቸው ከተነሳ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ጎረቤት ነን፤ አልሰማንም። ልጆቻቸው "ትንሽ ቀዶ ሕክምና" ብለውን ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ጡት ማስያዣቸው ውስጥ ጥጥ እየጠቀጠቁ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ፣ ሲሰግዱ ጥጡ እየተንሸራተተ ወደ አንገታቸው ሲመጣ፣ በነጠላቸው እየሸፈኑ ኖረዋል። "ሐኪሙ 'ይወጣል' አለኝ፣ ወጣ" አሉን። "ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው ማንም አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁም። ምን ብዬ ነው የምጠይቀው? ሞት ቀርቶልኝ ስለ ጡት ባወራ ፈጣሪም የሚታዘበኝ መሰለኝ።"

ይህን የሰማንበት ቀን ነው ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የቆረጥነው። አንዷ ባለ ማስፊያ፣ አንዷ ባለ ጥጥ፤ አንዷ አሜሪካ፣ አንዷ ጌጃ ሰፈር። የሕክምናቸው ርቀት የሰማይና የምድር ያህል ነው። ዝምታቸው ግን አንድ ነው። ዝምታውን ያስተማርናቸውም እኛው ነን። በሽታውን በስሙ አንጠራውም፤ "ያ በሽታ" እንለዋለን፣ "ክፉ በሽታ" እንለዋለን። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" እያለ የሚተርት ሕዝብ የጡትን በሽታ ሲሆን ይደብቃል።

ከእኛ ራቅ ያሉት ዝምታውን የሰበሩት በሕግና በአደባባይ ነው። አሜሪካኖች በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ፣ ጡት የማንሳት ሕክምናን የሚሸፍን የጤና መድን መልሶ መሥራቱንም እንዲሸፍን አስገድደዋል። ከአገራችን ልጅ ወስዳ ያሳደገችው ተዋናይት አንጀሊና ጆሊ በግንቦት 2013 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ፣ በዘር የወረሰችውን አደጋ ለመቀነስ ሁለቱንም ጡቶቿን እንዳስነሳች፣ በቦታቸውም ጊዜያዊ መሙያ ገብቶ ከሳምንታት በኋላ በቋሚ እንደተተካላት በስሟ ጻፈች። የእኛዋ እናት ግን ጥጣቸውን ለጎረቤት እንኳ አልነገሩም።

እንግዲህ ምን ይሁን?

አንደኛ፣ ይነገረን። ጡት ከመነሳቱ በፊት አንዲት ሴት ምን ምን ምርጫ እንዳላት መንገር ማሽን አይጠይቅም፣ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። በማስፊያ የሚሠራ አለ። ከራሷ ጀርባ ወይም ሆድ በተወሰደ ሥጋና ቆዳ የሚሠራ አለ፤ ይህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ አይፈልግም፣ የሠለጠነ እጅ ግን ይፈልጋል። በየካቲት 12 እና በአለርት ሆስፒታሎች የተቃጠለና የተጎዳ አካል መልሰው የሚሠሩ ሐኪሞቻችን በቁጥር ጥቂት ናቸው፤ እንዲበዙ እንጠይቅ። ወዲያው ካልተቻለ ሕክምናው ሁሉ ካለቀ ከዓመታት በኋላም ሊሠራ እንደሚችል ይነገራት፤ ጊዜው አያልፍም። "ምንም አልፈልግም፣ ደረቴ እንዲሁ ይሁን" ማለትም ሙሉ ምርጫ ነው። ያልተጠየቀ ሰው ግን መረጠ አይባልም።

ሁለተኛ፣ ጥጡ ይብቃ። ሁሉም ሴት ቀዶ ሕክምና አትፈልግም፤ ነገር ግን ኪስ ያለው ጡት ማስያዣና ክብደቱ ከሌላው ጡት ጋር የሚመጣጠን ሙሊት መሥራት የሮኬት ሳይንስ አይደለም፣ የልብስ ሰፊ ሥራ ነው። የኢትዮጵያ ልብስ ሰፊ የፈረንጅ ሙሽራ ልብስ በፎቶ አይቶ የሚሰፋ ነው። አንድ የሴቶች ማኅበር፣ አንድ ልብስ ሰፊና አንድ ነርስ ቢገናኙ ብዙ እናቶች ሲሰግዱ አይሳቀቁም።

ሦስተኛ፣ የጤና መድን። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድናችን ለውበት ተብሎ የሚደረግ ሕክምናን አይሸፍንም፤ ተገቢ ነው። ጥያቄያችን በካንሰር የተወሰደን አካል መመለስ ከውበት ይቆጠራል ወይ የሚለው ነው። የተቆረጠ እግር ምትክ ሲሠራለት "ለውበት ነው" የሚል የለም። መልሱ ዛሬ ገንዘብ ባይኖረውም፣ ቢያንስ ቃሉ ይስተካከል።

አራተኛ፣ ፍተሻ። በየበሩ የሚቆሙት እህቶቻችን ደረቱ ላይ መሣሪያ የሚጮኽበት ሁሉ ሌባ እንዳልሆነ ይነገራቸው። ጋረድ ያለ ቦታና አንድ የአክብሮት ጥያቄ ይበቃል።

አምስተኛው እኛን ይመለከታል። እህታችን ከመሄዷ በፊት ይህን ጽሑፍ አነበብንላት። "ስሜን አትጻፉት" አለችን። ስም ባንጽፍም ሰፈሩ ማን እንደሆነች እንደሚያውቅ ነገርናት። ትንሽ ዝም ብላ ቆየች። "ይወቁ" አለች። "አክስቴን ዓይኗን እያየሁ መናገር አቅቶኝ ነው ለእናንተ የነገርኳችሁ።"

እንግዲህ እትዬ፣ ይህን የሚያነብልዎት ሰው አጠገብዎት ካለ ይስሙን። ያን ቀን እጅዎን ዘርግተው ሲሄዱ ልጅቱ ወደ ኋላ ያለችው ስላልወደደችዎት አልነበረም። አቅፈው ቢያስጠጓት ስለሚያማት ነበር። ስልኳን ያውቁታል። ይደውሉላት። እናት የላትም።

እኛም ከዚህ በኋላ ለቅሶ ቤት ውስጥ ማን ደረቱን እንደመታ፣ ማን እንዳልመታ አንቆጥርም። በነጠላው ሥር ምን እንዳለ አናውቅምና።

ቸር እንሰንብት!